አልጠፋ ያለው ባትሪ

የተበላሸ ነገር እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሰው ቤት ተጠርቼ እንኳ የበሩ ማጠፊያ ሲያላዝን ከሰማሁ ምግቡ አይወርድልኝም፤ ዘይት አምጡ ማለቴ አይቀርም። ባለቤቴ ዘሀራ፣ ቀብር ብንሄድ የቃሬዛውን ምስማር ሳታጠብቅ አትመለስም እያለች ትስቅብኛለች። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ትንሽ ሱቅ የከፈትኩትም ይህንኑ አመል ይዤ ነው። ሞባይልና ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ የእጅ ባትሪ እሸጣለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ በዚሁ አመሌ የተነሳ አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሊቀርብኝ ለጥቂት የተረፈበትን ቀን ነው። ሰውዬው አበጀ ይባላል፤ ገሳይ አካባቢ ጉድጓድ እየቆፈረ የሚተዳደር፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሰው ነው።

ያን ሰሞን በቻርጅ የሚሠሩት ባትሪዎች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ቀድሞ ሰው የሚያውቀው ደረቁን የባትሪ ድንጋይ ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ተመልሶ ይገባል። አዲሱን የሊቲየም ድንጋይም እንደዚያው ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ሞልቶ ነበር። እንዲያውም አንዲት ደንበኛዬ ምድጃ ዳር አስቀምጣው ኖሮ፣ ጫፉ አብጦ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ እያንጠባጠበ አምጥታልኛለች። በጨርቅ ይዤ አውጥቼ አሸዋ ውስጥ እስክቀብረው ድረስ ልቤ አልተመለሰልኝም። ስለዚህ ባትሪዬ እምቢ አለ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ፀሐይ አስጥተኸዋል?» የሚል ነበር።

አበጀ አላሰጣም። ባትሪውን ከእኔ ገዝቶ በሳምንቱ ይዞት መጣና ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋብኛል አለ። ሱቄ ውስጥ ሞከርኩት፤ ግድግዳውን ወገግ አደረገው። ቻርጅ አድርጌ ሰጠሁት። ተመልሶ መጣ። ደግሞ ሞከርኩት፤ አሁንም ቦግ ይላል። ቀጥሎ የመጣው በገበያ ቀን፣ ሱቄ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባትሪውን ከፍ አደረገና «እንድሪስ፣ ይኸ ባትሪህ እዚህ ሲሆን ሎሌህ ነው፤ እታች ሲወርድ ግን ማንንም አያውቅም» አለ። ሰው ሳቀ። ባትሪ እያገላበጠ ያይ የነበረ አንድ ገበሬ የያዘውን ቀስ ብሎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። እኔን ቢሰድበኝ እችለው ነበር። የሸጥኩት ዕቃ በሰው ፊት ከሃዲ ሲባል ግን ደሜ ፈላ። ነገ ራሴ መጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ አየዋለሁ አልኩት።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንድ ዕቃ እዚህ በርቶ እዚያ የሚጠፋበትን ምክንያት ሳወጣና ሳወርድ ነጋ። ዘሀራ የቋጠረችልኝን ዳቦ ከቴስተርና ከፒንሳ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደህናነታቸውን ለክቼ ያስቀመጥኳቸው፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር ባትሪ የተፈቱ ድንጋዮችም ነበሩኝ፤ እነሱንም ጨመርኩና ወደ ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ተቀምጬ መቀመጤን አላውቀውም። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ቢያዩ፣ የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ ነው እንዴ አሉኝ። አዎ አልኳቸው፤ ምን ልበላቸው?

ጉድጓዱ ያለው እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ውሃው በበጋው ሸሽቶ ጉድጓዱ ጭቃ ብቻ ቀርቶበት ነበር። የጎረቤት ልጅ እንዳይገባበት ብለው ከኅዳር ጀምሮ በቆርቆሮ፣ በገለባና በአፈር ከድነውት ከርሟል። አሁን ግን ከሩቅ ወንዝ ማስቀዳቱ ስለሰለቻቸው አበጀ ጥቂት ዝቅ አድርጎ እንዲቆፍርላቸው ይዘውታል። ቆርቆሮው ሲነሳ ገለባውና ቅጠሉ ወደ ውስጥ ረግፎ ኖሮ፣ እርጥብ የሰነበተ ሽታ ወጣ። አበጀ ከወንድሙ ከይርሳው ጋር ገመዱን አግዳሚው እንጨት ላይ እየጠመጠሙ ነበር የደረስኩባቸው።

አበጀ ድሮ መስታወት ነበር የሚጠቀመው። ይርሳው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ፀሐይዋን በመስታወት እየያዘ ወደ ታች ይልክለታል። ያን ቀን ግን ደመናው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ነፋሱም አላርፍ ብሏል። ጨረሯ ታች ሳትደርስ ትጠፋለች። መስታወቱን ወዲያ አስቀመጡትና ሁሉም የእኔን እጅ ያይ ጀመር።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከበራቸው ላይ ሆነው፣ በፊት እኮ ጧፍ አብርተው ሳያወርዱ ጉድጓድ የሚገባ ሰው አልነበረም፣ ከቤት ላምጣላችሁ ወይ አሉ። አበጀ ሳቀ።

«እሱ እኮ ለጉድጓዱ ባለቤት ነው እትዬ። ጧፉ ከጠፋ ባለቤቱ አልፈቀደም ብለው ነው የሚመለሱት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በሁዳዴ ለጋኔን ጧፍ አላበራም።»

እትዬ ማንጠግቦሽ አማተቡና ነገሩን ተዉት።  አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎረቤት ጸሎትና ጾም ላይ አፍ አይከፈትም ብሎ ነው ያሳደገን። ጧፍ የእነሱ ነገር ነው፣ የእኔ ነገር ባትሪው ነው አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

አበጀ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ባትሪውን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለና መርገጫዎቹን በእግሩ እየፈለገ ወረደ። ሌላ ቀጭን ገመድ ለባልዲው ነበራቸው። እንደ ልማዱ ቢሆን ታች ሲደርስ ወገቡን ይፈታል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ጎንበስ ቀና ለሚል ሰው ገመድ እግር ያስራል። ባትሪዬ መሐል መንገድ ላይ እየከዳው ስላስቸገረው ግን ሰሞኑን መፍታቱን ትቶ ነበር። ሲጠፋ መልሳችሁ ለምትጎትቱኝ ለምን እፈታዋለሁ ይላል አለኝ ይርሳው፣ እንደ ቀልድ። እኔን ግን ቀልዱ ቆረቆረኝ።

ብዙም አልቆየ፣ ከታች «ጠፋ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጎተትነው። ባትሪውን ተቀብዬ ጠቅ ሳደርገው በራ። ይኼኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ የምሞክረው አግድም ይዤ፣ ወደ ግድግዳ አነጣጥሬ ነው። እሱ አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥለው ግን መብራቱ ወደ መሬት ይደፋል። ወደ ታች ደፍቼ ነቅነቅ አደረግኩት፤ ድርግም አለ። በስተኋላ ያለው ሞላ ላልቶ ኖሮ፣ ድንጋዩ በክብደቱ ወደ ፊት ሲንሸራተት መንካቱን ይተዋል። ሞላውን በፒንሳ ሳብ አድርጌ አስረዘምኩትና ዝገቱን በቢላ ፋቅኩለት። ደፍቼ ባናውጠው፣ ባንገጫግጨው ፍንክች አላለም። ከደስታዬ ብዛት እዚያው የምዘል መሰለኝ።

አበጀ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ያሻል። ራሱን እንዳዞረው ነገረን። ይርሳው ጾሙ ነው አለ፤ ወንድሙ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ እንደማይቀምስ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ማንጠግቦሽም የሥራ ሰው እንዲህ አይጾምም ብለው ተቆጡት። እኔ ዳቦዬን ሰው ፊት ላለመብላት ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ። የሚያዞረው ጾሙ ለመሆኑ ማናችንም አልተጠራጠርንም፤ ሁዳዴ ላይ ሰው ራሴን አዞረኝ ሲል ሌላ ምክንያት ማን ይፈልጋል?

እንደገና ወረደ። አሁን ታች ደረሰ። ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ ሲደንስ ከላይ አየሁት። አንድ ባልዲ ጭቃ ላከ። ጭቃው ርሶ ነበርና ይርሳው ውሃው ቀርቧል ብሎ ተደሰተ። እኔም ልደሰት ስል ያ የተረገመ ድምፅ መጣ፤ «ጠፋ!»

ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው፣ የጉድጓዱን ከንፈር እንደረገጠ ቁጭ አለ። እኔ ከእሱ በፊት ባትሪውን ነው ያየሁት። እጅ ያቃጥላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በራ። ድንጋዩን አውጥቼ በቴስተር ለካሁት፤ ሙሉ ነኝ ይላል። ሙሉ የሆነ ድንጋይ ለምን ይጠፋል? ተነሳሁ፣ ግቢውን ዞርኩት፣ ተቀመጥኩ፣ መልሼ ተነሳሁ። ነፋሱ የእትዬ ማንጠግቦሽን ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ይርሳው ያፏጫል፣ እኔ በሁለቱም እናደዳለሁ። አንዴ መልሼ ስከፍተው ድንጋዩን ከቦርሳዬ ካወጣሁት የኮምፒውተር ድንጋይ ጋር በሁለት መዳፌ ያዝኩት። የእሱ ቀለለ። ላዩ ላይ ትልልቅ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ሆዱ ግን ባዶ ነገር ነው።

ከዚያ ባትሪው እየበራ እያለ ለካሁት። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ቁልቁል ወረደ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሥራ ሳይሰጡት ሲጠይቁት ሙሉ ነኝ የሚል፣ ሲጭኑበት ግን የሚንበረከክ ድንጋይ አለ። ጉልበቱ ከልክ በታች ሲወርድ ውስጡ ያለችው ጠባቂ ሰሌዳ እንዳይጎዳ ብላ ትዘጋዋለች። አርፎ ሲያገግም ትከፍትለታለች። ሱቅ ውስጥ ለአፍታ አብርቼ የማጠፋው እኔ ይህን በምን አባቴ ላየው?

የኮምፒውተሩ ድንጋይ ደህና ነው፤ ጫፉ ግን ድፍን ስለሆነና ወጣ ያለ እምብርት ስለሌለው ከፊት ያለውን መንኪያ አይደርስበትም። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀጥቃል። ወረቀቷ ከተንሸራተተች እሳት ናት። እኔ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ልጬ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠፍጥፌ ከፊት መንኪያው ላይ አጥብቄ ገጠምኩት፣ ድንጋዩ እንዳይንቀጫቀጭም ጎኑን በፕላስተር ጠቀለልኩት። ደፋሁት፣ አናወጥኩት፣ ጉልበቴ ላይ መታሁት። አብርቼ እጄ ላይ ያዝኩትና ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ይርሳው መፏጨቱን እስኪተው ድረስ ጠበቅኩ። ብርሃኑ ያው ነው፣ ሰውነቱም አልጋለም። የዚያን ጊዜ ደስታዬን ለማስረዳት የተበላሸ ነገር የሚያሳክከው ሰው መሆን ያስፈልጋል።

እትዬ ማንጠግቦሽ የአበጀን ፊት አይተው ለዛሬ ይብቃህ፣ ነገም ቀን ነው አሉት። አበጀ ግን ውሃው እግሩ ሥር እንደደረሰ ቀልቡ ነግሮታል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጨርሼ ቅዳሴ ጠበል እደርሳለሁ አለና ተነሳ። ባትሪውን አንገቱ ላይ ራሴ አጠለቅኩለት። ጌታ ሆኜ ነበርና ደረቴ ተነፍቷል።

«አሁን ገመዱን ታች ስትደርስ ፍታው፤ እንደልብህ ሥራ። አይጠፋም» አልኩት።

ባትሪውን አየት አደረገና ቋጠሮውን ወገቡ ላይ አንዴ ደግሞ ጠበቅ አደረገው።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አልፈታውም።»

ተቀየምኩት። ይህን ሁሉ ለፍቼ፣ ይህን ሁሉ አሳይቼው፣ አሁንም አያምነኝም። ፊቴን አዞርኩ።

ወረደ። ብርሃኑ አብሮት ወረደ፣ እያነሰ፣ እየጠበበ፣ ሳይርገበገብ። ታች ደረሰ። አንድ ባልዲ ጭቃ መጣ። ይርሳው ደፍቶ መለሰለት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ ብርሃኔን አየሁት። ለስሙ ጭቃ ላይ የወደቀች ክብ ነገር ናት፣ ለእኔ ግን ከዚያ በላይ ነበረች። ጠፋ የሚል ድምፅ እስኪመጣ በልማድ ጆሮዬ ቆሟል። አልመጣም።

የባልዲው ገመድም አልተሳበም። ይርሳው ጠበቀ። ገመዱን ነካ ነካ አደረገው። አበጀ ብሎ ተጣራ፤ ጉድጓዱ የገዛ ድምፁን መልሶለት ዝም አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከበራቸው ተነስተው መጡ።

«ምነው ዝም አለሳ?»

«ብርሃኑ አለ እኮ እትዬ፤ ይታየኛል» አልኳቸው።

እንዲህ ብዬ አረጋጋኋቸው። ራሴንም አረጋጋሁ፣ ይርሳውም ተረጋጋ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብርሃን ካለ ሰው አለ ነበር ነገሩ። ሲጠፋ እንጎትታለን፣ ሲበራ እንጠብቃለን። እሱ ደግሞ በርቷል፤ የኔ ሥራ ነውና አይጠፋም። እንግዲህ ጠበቅን።

መልሼ ቁልቁል ሳይ ብርሃኑ የግድግዳውን አንድ ቦታ ይዟል። ከአፈሩ ውስጥ ብቅ ያለች ቀጭን ሥር ነበረች። ቅድም ስንጠብቅም ያቺኑ ሥር ነበር ያየሁት። አሁንም እሷኑ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ሲወርድ ብርሃኑ እንዴት ሲደንስ እንደነበር ትዝ አለኝ። የሚሠራ ሰው ያጎነብሳል፣ ይነሳል፣ ይዞራል፤ አንገቱ ላይ ያለ ብርሃን እንዴት አንድ ሥር ላይ ተክሎ ይቀራል? 

«አይንቀሳቀስም» አልኩ። ከዚያ ጮህኩ። «ይርሳው፣ ብርሃኑ አይንቀሳቀስም!»

ይርሳው ኮቱን ወርውሮ የባልዲውን ገመድ ይዞ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ሰደደ። ወንድሙ ነው፣ ምን ያድርግ? እትዬ ማንጠግቦሽ ከዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው በምን ፍጥነት እንደደረሱበት አላውቅም፤ ቀበቶውን ከኋላ ጨምድደው ያዙት።

«አንዱ እታች አለ። ሁለተኛ አልቀብርም። ወገቡ ላይ ገመድ አለ አይደለም ወይ? ጎትት!»

ጎተትን። ይርሳው ከፊት፣ እኔ ከኋላው፣ እትዬ ማንጠግቦሽም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላዬ። ቀድሞ ስንጎትተው አበጀ በመርገጫዎቹ ራሱን ያግዝ ነበር። አሁን እንደ እርጥብ ጆንያ ከበደን። መሐል ላይ አንድ ነገር ያዘው፤ እግሩ ይሁን ትከሻው አይታወቅም። ይርሳው ላላ አድርጎ እንደገና ሳበ፣ ተለቀቀ። የምናየው ነገር ቢኖር የጉድጓዱ አፍ ላይ ከውስጥ እየዞረ የሚወጣውን ብርሃን ነው። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ገመዱ መዳፌን ልጦታል፤ ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያ አላህ፣ ይህን ሰው ስጠኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም እያልኩ እጎትታለሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከኋላዬ የጣራ ገዳምን አባቶች ጸሎት ይለምናሉ።

ከሰውዬው በፊት ብርሃኑ ወጣ፤ ዓይናችን ውስጥ ቦግ አለ። ከሥሩ አበጀ ነበር፤ አንገቱ ተደፍቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ። ሳር ላይ አስተኛነው። ይርሳው ስሙን እየጠራ ጉንጩን ይመታዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ ሸሚዙን ከፍተው በነጠላቸው ያራግቡለታል፣ ከእንስራቸው ውሃ እየጨለፉ ፊቱን ያርሱታል። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ ያንን ባትሪ ላጠፋው እፈልጋለሁ፣ ግን ማጥፊያውን እጄ ማግኘት አልቻለም። የገዛ እጄ የሠራውን። ደረቱ ላይ ሆኖ ሰማዩን ያበራል።

ደረቱ አንዴ ተነሳ። ከዚያ ሳል መጣ፣ ከሳሉ በኋላ የሚያስፈራ ረጅም ትንፋሽ። ዓይኑን ገለጠ። የሁላችንንም ፊት ዞሮ ዞሮ አየና እኔ ላይ ቆመ።

«ደግሞ ጠፋ?» አለኝ።

ጎትተን ያወጣነው ባትሪው ስለጠፋበት መስሎታል። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ያን ያህል ማልቀሴን አላስታውስም፤ እሱ ደግሞ ባትሪው ስላሳፈረኝ የማለቅስ መስሎት፣ ግድ የለም፣ ነገ ትሠራዋለህ ብሎ አጽናናኝ።

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የጤና ባለሙያዋ ቅጠልና ገለባ የበሰበሰበት፣ ተከድኖ የከረመ ጉድጓድ ታቹ ላይ ከባድ አየር እንደሚያጠራቅም ነገረችን። ሽታ ላይኖረው ይችላል፣ አይታይም፣ ግን እዚያ ውስጥ ሰውም አይኖርም፣ እሳትም አይነድም አለች። እሳትም አይነድም ስትል ይርሳውና እኔ ተያየን። አበጀ ራሱን እያመመው ቢሆንም ያን ዕለት እዚያው ዋለና ወደ ቤቱ ሄደ።

እኛ ወደ ግቢው ስንመለስ እትዬ ማንጠግቦሽ ጧፍ ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል።  ባልዲው ውስጥ አቆሙት፣ በነጠላቸው ከነፋስ ጋርደው ለኮሱት፣ ይርሳውም ቀስ እያለ አወረደው። ጧፉ ሳይርገበገብ፣ ቀጥ ብሎ እየነደደ ወረደ። ነፋሱ የላዩ ነው፤ ታች ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነገር የለም። እዚያች ቀጭን ሥር አጠገብ ሲደርስ ግን ሰው እፍ ያለው ይመስል ጠፋ። አውጥተን ለኮስነው። እዚያው ሲደርስ ጠፋ። ደግመን ለኮስነው። እዚያው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ቁልቁል አዩና «ባለቤቱ አየሩ ኖሯል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ገመድ ላይ እያሰሩ ጉድጓዱን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያናፍሱት ሰነበቱ። ጧፉ እስከ ጭቃው ድረስ እየነደደ ሲወርድ ነው አበጀ መልሶ የገባው። ውሃውም እንዳለው ቅርብ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አላስተኛኝ ይላል። ያ ሰው በሕይወት የቆየው የሸጥኩለት ባትሪ መናኛ ስለነበረ ነው። በጠፋ ቁጥር እናወጣዋለን፣ በወጣ ቁጥር አየር ይስባል። እኔ ደግሞ ከደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ፣ ላቤን ጠብ አድርጌ፣ መውጫውን ዘጋሁበት። ባትሪ ብርሃን ይሰጣል እንጂ አየር አይቀምስም። ሰው ቢሞትም ባይሞትም ያበራል። ጧፍ ግን የምንተነፍሰውን ይተነፍሳል፤ ሲያልቅበትም ይናገራል። አባቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ ስሙን ባለቤት ብለውት ነው እንጂ። እኛ ስሙን ስንንቅ ነገሩንም አብረን ጣልነው። አበጀ ለሃይማኖቱ ብሎ፣ እኔ የሰው ሃይማኖት ላለመንካት ብዬ፣ ሁለታችንም በደግ ልብ። ዛሬ አንድ የቆየ ልማድ ሳይ የኔ ነው የእነሱ ነው ሳልል፣ ይህ ነገር ምን ይጠብቅ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ቅር ቢለው እንኳ እጠይቃለሁ። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣልኝም ከመፍታቴ በፊት የት ነው የሚጠፋው፣ ሲጠፋስ ምን ታደርጋለህ እላለሁ። ደንበኞቼ ወሬ የሚያበዛ ሰው ሆነ ይሉኛል።

ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ጧፍ አለ። አልሸጠውም። ጉድጓድ ለሚቆፍር፣ ባትሪ ለሚገዛ ሰው ከዕቃው ጋር እሰጠዋለሁ። የሰፈሩ ሰው «ገበዙ እንድሪስ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ዘሀራም ጁምዓ ስወጣ፣ ገበዙ ቅዳሴው እንዳያመልጥህ እያለች ታሾፍብኛለች።

አበጀ ዛሬም ይቆፍራል። ባለፈው የገበያ ቀን መጥቶ እንደዚያን ጊዜው በሩ ላይ ቆመ። ሱቁ በሰው ሞልቷል። ባትሪውን ከፍ አደረገና «እንድሪስ፣ ይኸ ባትሪህ አልጠፋ ብሎኛል፤ ምን ይሻለኛል?» አለ። የማያውቁት ሳቁ። ወደ እኔ ቀርቦ እጁን ሲዘረጋ ከመሳቢያዬ ጧፍ አውጥቼ ሰጠሁት። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ገመዱንስ?» አልኩት።

«አልፈታውም። አሁንም አላምንህም» አለኝና ወጣ።

ከማንም ሰው አፍ እንደዚያ ያስደሰተኝን ቃል ሰምቼ አላውቅም።